የዘርና የአኗኗር ድርሻ፦ ኢንሱሊንን መቋቋምና ያለ ዕድሜ የሚመጣ የልብ ሕመም

«እኔ ቀጭን ነኝ፤ ስኳር የወፍራም ሰው በሽታ ነው» የሚል አባባል በተደጋጋሚ ይሰማል። በአንጻሩ «የቤተሰባችን ነው፤ ከዘር የመጣን ማን ይመልሰዋል» የሚሉም አሉ። ሁለቱም አመለካከቶች ምርመራን ያዘገያሉ፤ የመጀመሪያው ስጋት የለብኝም በማለት፣ ሁለተኛው መፍትሔ የለውም በማለት። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ዘረ መልና አካባቢ ያላቸውን ድርሻ በተመረጡ ጥናቶች አማካይነት ማብራራት ነው።

ኢንሱሊን ከቆሽት የሚመነጭ ሆርሞን ሲሆን፣ የጡንቻና የስብ ሕዋሳት ስኳርን ከደም እንዲወስዱ፣ ጉበትም ስኳር ማምረቱን እንዲቀንስ ያዛል። ሕዋሳት ትእዛዙን በሚገባ ሳይፈጽሙ ሲቀሩ ኢንሱሊንን ተቋቋሙ ይባላል። ቆሽት ተጨማሪ ኢንሱሊን እያመነጨ ጉድለቱን ስለሚሸፍን የደም ስኳር ለዓመታት ጤናማ መስሎ ሊቆይ ይችላል። በዚያው ጊዜ ግን ትራይግሊሰራይድ ይጨምራል፤ ጠቃሚው ኮሌስትሮል ይቀንሳል፤ የደም ግፊትም ከፍ ሊል ይችላል። በመሆኑም የልብ ደም ቧንቧዎች መጥበብ የስኳር በሽታ ከመታወቁ በፊት ሊጀምር ይችላል።

የዘር ተጽዕኖ ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው ሕመሙ በለጋ ዕድሜ ሲከሰት ነው። ከ21,000 በላይ ስዊድናውያን መንትዮችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ጥናት ለዚህ ማስረጃ ነው። መንትያው ከ55 ዓመት በፊት በልብ ደም ቧንቧ በሽታ የሞተበት ወንድ በዚሁ በሽታ የመሞት ስጋቱ ፍጹም ተመሳሳይ በሆኑ መንትዮች ዘንድ 8.1 እጥፍ፣ በማይመሳሰሉት ዘንድ 3.8 እጥፍ ነበር። የመጀመሪያው መንትያ የሞተበት ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ግን ይህ ግንኙነት እየላላ ሄዷል።

ቅጥነት ዋስትና አለመሆኑን ደግሞ ኤል ኤም ኤን ኤ በተባለው ዘረ መል ላይ በሚደርስ ለውጥ ምክንያት የሚከሰት አንድ ብርቅ ሕመም ያሳያል። በሕመሙ የተያዙ ሰዎች በእጅና በእግራቸው ቆዳ ሥር ያለው ስብ ይጠፋል። ማረፊያ ያጣው ስብ እንደ ጉበት ባሉ አካላት ይከማቻል፤ ሰዎቹም ኢንሱሊንን በብርቱ ይቋቋማሉ፤ ያለ ዕድሜያቸውም ለልብ ሕመም ይጋለጣሉ። ከዚህ የምንረዳው ከስቡ መጠን ባልተናነሰ የሚከማችበት ቦታ ወሳኝ መሆኑን ነው።

ለአካባቢ ድርሻ የፒማ ሕዝብ ታሪክ ጥሩ አስረጂ ነው። በዘር የሚቀራረበው ይህ ሕዝብ ከፊሉ በአሜሪካ አሪዞና፣ ከፊሉ በሜክሲኮ ተራራማ መንደር ማይኮባ ይኖራል። የአሪዞናዎቹ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የጊላ ወንዝ ውኃ በሰፋሪዎች ሲጠለፍባቸው እርሻቸው ተዳክሞ በዱቄት፣ በስኳርና በአሳማ ስብ ላይ ጥገኛ ሆኑ፤ የማይኮባዎቹ በጉልበታቸው ማረሳቸውን ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ንጽጽር ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ በአሪዞናዎቹ ዘንድ 38 ከመቶ፣ በሜክሲኮዎቹ ዘንድ 6.9 ከመቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ላይ የተደረጉ ጥናቶችም በሽታው በጥቂት ዓመታት ውስጥ በወጣቶች ጭምር መታየቱን መዝግበዋል።

ታዲያ አኗኗርን ማስተካከል የተወረሰውን ስጋት ይቀንሳልን? እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ በታተመውና 3,234 ሰዎችን ባሳተፈው የስኳር በሽታ መከላከያ ጥናት፣ ክብደትን መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ማድረግ በሽታውን በ58 ከመቶ፣ ሜትፎርሚን የተባለው መድኃኒት በ31 ከመቶ ቀንሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሌላ ጥናትም ከፍተኛ የዘር ስጋት ካለባቸው ሰዎች መካከል ጤናማ አኗኗር የተከተሉት፣ ካልተከተሉት ይልቅ በልብ ደም ቧንቧ በሽታ የመያዝ ስጋታቸው በ46 ከመቶ ያህል ያነሰ መሆኑን አመልክቷል።

እንግዲህ አባቱ ወይም ወንድሙ ከ55፣ እናቱ ወይም እኅቱ ከ65 ዓመት በፊት በልብ ሕመም የተያዙበት ሰው፣ ቀጭንም ቢሆን፣ የወገቡን ዙሪያ፣ የደም ግፊቱን፣ የደም ስኳሩንና የደም ስቡን በጊዜ መለካት ይገባዋል። ለተመራማሪዎች የቀረው የቤት ሥራ ደግሞ ከባድ ነው። እስካሁን በተካሄዱት የዘረ መል ጥናቶች የተሳተፉት በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ሲሆኑ፣ ከፍተኛው የዘረ መል ብዝኃነት የሚገኘው ግን በአፍሪካ ነው። ከሌላ ሕዝብ የተቀዳ የስጋት መለኪያ የእኛን ሕመምተኛ በትክክል ላይመዝን ስለሚችል፣ በአገራችን ሕዝብ ላይ የሚደረግ ጥናት ሊዘገይ አይገባውም።