የሐረር ጀንፈል

የሐረርን ቡና በሚገባ ቆልቶና አፍልቶ የቀመሰ ሰው፣ ከሲኒው የሚነሣው ሽታ የበሰለ እንጆሪ ወይም የቆየ የወይን ጠጅ መዓዛ መስሎት ቢደነቅ አይፈረድበትም፤ ምክንያቱም ያ መዓዛ ከውጭ የተጨመረ ቅመም ሳይሆን፣ ፍሬው ከነሥጋውና ከነልብሱ በፀሐይ ሲደርቅ ከራሱ ሥጋ የተቀበለው ጸጋ ነው። ብዙዎች ይህን ጣዕም ለዘሩና ለአፈሩ ብቻ ይሰጡታል፤ እኔ ግን ከሁለቱም ይልቅ የውሃ ማነስና የሰው እጅ ትጋት የወለዱት እንደ ሆነ አምናለሁ።

የቡና ዕፅ ጥንተ መሠረቱ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ውስጥ ቢሆንም፣ ሐረርጌ የጫካ ቡና አገር አይደለም፤ በዚያ ቡና በጨርጨርና በጋራ ሙለታ ተራሮች ወገብ ላይ፣ በወይና ደጋው፣ በማሽላና በበቆሎ መካከል በገበሬ እጅ የተተከለና የተኮተኮተ የጓሮ ሀብት ነው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ሐረር ገብቶ ከተመለሰ በኋላ በጻፈው መጽሐፍ፣ ፍጹም የሆነው ቡና በጨርጨር እንደሚበቅል፣ የከተማይቱም አሚር የተክሉ ጥበብ እንዳይጠፋ ሲል ሐራሽ የተባሉትን ቡና አልሚዎች ከአገር እንዳይወጡ እንደ ከለከለ ይናገራል። አንድ ገዥ ዘሩን ወይም አፈሩን ሳይሆን ባለሙያዎቹን በር ዘግቶ መጠበቁ፣ የቡናው ምሥጢር በማን ዘንድ እንደ ነበረ በሚገባ ያስረዳል።

ፍሬው በግመል ተጭኖ ወደ ዘይላና ወደ በርበራ ከወረደ በኋላ በዐደን በኩል ወደ ዓለም ይወጣ ስለ ነበረ፣ ለብዙ ዘመን በየመኑ ወደብ በሞካ ስም ሲሸጥ ኖሯል። ባለቅኔው አርቱር ራምቦ በ1873 ዓ.ም. ሐረር የገባው ለዐደን ነጋዴዎች ቡናና ቆዳ ሊገዛ ነበር። በ1895 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ ድሬዳዋ ሲደርስ ግን የግመሉ መንገድ እየተረሳ፣ ቡናውም በጅቡቲ በኩል መውጣት ጀመረ።

በሲዳማና በይርጋ ጨፌ ወንዝና ምንጭ ስለማይጠፋ እሸቱ ተፈልፍሎ ይታጠባል፤ በሐረርጌ ግን ውሃው ለሰውና ለከብትም የሚበቃው በጭንቅ ስለ ሆነ፣ እሸቱ እንዳለ በፀሐይ ላይ ይሰጣል። ቀዩ ፍሬ በማድረቂያ አልጋ ወይም በምንጣፍ ላይ በስሱ ተዘርግቶ፣ ቀን ቀን እየተገለበጠ፣ ማታ ከጤዛ እየተሸፈነ፣ ሳምንታት ይቆያል፤ በዚህ ጊዜ በልብሱ ውስጥ ያለው ጣፋጭ ሥጋ ቀስ ብሎ እየቦካ ጣዕሙን ለፍሬው ያወርሰዋል። በወፍራሙ ተሰጥቶ አገላባጭ ያጣ እሸት ይሻግታል፤ አረንጓዴው ከቀዩ ጋራ ከተደባለቀም ጣዕሙ ይጎመዝዛል። ቀይ የነበረው ልብስ ወደ ጥቁርነት ያደላ ቡናማ ሆኖ ሲኮማተርና፣ ጀንፈሉ፣ ማለትም ከነልብሱ የደረቀው ቡና፣ በጭብጥ ተይዞ ሲነቀነቅ ፍሬው በገለፈቱ ውስጥ ሲንኳኳ፣ ያን ጊዜ ደርሷል ይባላል። የወይን ጠጁን መዓዛና የሻጋታውን ሽታ የሚለያያቸው ይህ ትጋት ብቻ ነው፤ የሐረር ቡና ከጆንያ ጆንያ ጣዕሙ የሚለዋወጠውም ከዚህ የተነሣ ነው። በቤቱ የሚቆላውም ሰው እስኪጠቁር ካከሰለው፣ ያን ሁሉ የፀሐይ ሥራ በምጣድ ላይ ያጠፋዋል።

ይህን ጥበብ የሚያሠጋው ጫት ነው። ቡና በዓመት አንድ ጊዜ ሲለቀም፣ ጫት ግን በዓመት ደጋግሞ ተቀንጥቦ በዕለቱ ገንዘብ ይሆናል፤ ስለዚህ ልጆቹን የሚመግብ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት ቢተክል ልንወቅሰው አይገባም።  በዚህ ሥጋት ፊት፣ በ1997 ዓ.ም. መንግሥታችን ሐረርን፣ ሲዳሞንና ይርጋ ጨፌን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በአሜሪካ ማመልከቱ፣ በ1999 ዓ.ም.ም ስለ ስሞቹ ከስታርባክስ የቡና ኩባንያ ጋራ መስማማቱ ደግ ሥራ ነው። ነገር ግን ቀዩን ብቻ ለይቶ ለቅሞ ሌሊት ለሸፈነውና ቀን ላገላበጠው ገበሬ የሚከፈለው፣ ደባልቆ ካሰጣው ጎረቤቱ የማይበልጥ ከሆነ፣ በከረጢቱ ላይ የተጻፈው ስም ቡናውን በማሳው ሊያቆየው አይችልም፤ ልዩነቱ በሚዛኑ ፊት፣ ጀንፈሉ በሚሸጥበት ቀን፣ በዋጋ መታየት ይኖርበታል።