ጫጫታ መሐል ማንበብ እንዴት ይቻላል?

የዛሬው ንግግራችን ስለ አእምሮ ነው።

ጠመንጃ ያዥ ሠፈር ነው እንበል። መሽቷል። ፊደል ከቆጠራችሁ ብዙ ጊዜ አልሆነም። መጽሐፋችሁን ገልጣችሁ ተቀምጣችኋል። የጎረቤት ቴሌቪዥን ይጮኻል። ቡና ይወቀጣል። ልጆች ደጅ ይሯሯጣሉ። አንዱን መስመር ሦስት ጊዜ ብታነቡትም አልገባችሁም። «አርጅቻለሁ፤ ጭንቅላቴ ትምህርት አይቀበልም» ትላላችሁ። ቆዩ! ለመፍረድ አትቸኩሉ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ብዙ ትልልቅ ሰዎች ቀን ሠርተው ማታ ተምረዋል።

እስቲ የታክሲውን ተራ አስታውሱ። አንዱ ወያላ «ሳሪስ!» ይላል፤ ሌላው «ጦር ኃይሎች!» ይላል፤ ሌላው «መርካቶ!» ይላል። መርካቶ የሚሄድ ሰው ጆሮው የሚይዘው «መርካቶ» የምትለዋን ነው። ለምን? አስቀድሞ እየጠበቃት ነዋ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከግንባራችን በስተጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል እንደ ዘበኛ ነው። የምንፈልገውን ካወቀ፣ ነገሩ ሳይመጣ ለሌሎቹ ክፍሎች መልእክት ይልካል። ልናነብ ስንል፣ የማየት ሥራ የሚሠራው የኋለኛው ክፍል ይነቃል። የማንፈልገውን የሚቀበለው ክፍል ረገብ ይላል።

ኮሊን ቼሪ የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ በ1953 እ.ኤ.አ. ይህን የሚያሳይ ሙከራ አሳተመ። በሰዎች ሁለት ጆሮ ሁለት የተለያየ ንግግር አሰማ። አንዱን እየተከተሉ እንዲደግሙ አደረገ። በሌላው ጆሮ የገባውን ሲጠየቁ፣ ድምፅ እንደነበረ እንጂ ምን እንደተባለ መናገር አልቻሉም።

በሩ ግን ጨርሶ አይዘጋም። በ1959 እ.ኤ.አ. በወጣ ሌላ ሙከራ፣ በማያዳምጡበት ጆሮ የገዛ ስማቸው ሲጠራ የሰሙ ሰዎች ተገኝተዋል። ስለዚህ ልጃችሁ «እማዬ!» ወይም «አባዬ!» ሲል ሐሳባችሁ ቢሸሽ ተፈጥሮ ነው እንጂ ስንፍና አይደለም።

እንግዲህ ዘበኛውን አስቀድማችሁ ንገሩት።

አንደኛ፣ ከማንበባችሁ በፊት የምትፈልጉትን ወስኑ። «ይህ ጽሑፍ ስለ ምን ይነግረኛል?» በሉ።

ሁለተኛ፣ ጣታችሁን ከመስመሩ ሥር አድርጉ። ዓይን መንገዱን አይስትም።

ሦስተኛ፣ ስልካችሁን አጥፍታችሁ ራቅ አድርጉት። በጠራችሁ ቁጥር አንጎል ሥራውን ትቶ ይሄዳል፤ ሲመለስ እንደገና ይጀምራል።

አራተኛ፣ ሲደክማችሁ ጥቂት ዕረፉ። ሐሳብ ቢሸሽ ራሳችሁን አትውቀሱ፤ ወደ መስመሩ መልሱት።

ለመወያያ፦ በእናንተ ሠፈር ንባብን የሚያውከው ምንድን ነው? ከጎረቤት ጋር ተስማምታችሁ የንባብ ሰዓት መወሰን ትችላላችሁ?

ደኅና እደሩ።