ጋራዥ የጠየቀንን ሁሉ ልንከፍል ይገባልን?

አንድ የሠራዊት አባል ለብዙ ዓመታት ከደመወዙ እየቆጠበ፣ ባለቤቱም በዕቁብ እየደገፈች የገዟት አሮጌ መኪና በቤተሰቡ ኑሮ ውስጥ የምትይዘው ስፍራ ቀላል አይደለም። ልጆችን ትምህርት ቤት ታመላልሳለች፤ ሌሊት የታመመን ሰው ወደ ሐኪም ቤት ታደርሳለች፤ በዓል ሲቃረብ ደግሞ ቤተሰቡን ከነጓዙ ይዛ ወደ ትውልድ ስፍራ ትወርዳለች። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ፣ በእጅ ያለችውን መኪና ጠብቆና ተንከባክቦ ማቆየት ከቀድሞው የበለጠ ግድ ሆኗል።

ችግሩ የሚመጣው የጋራዡ ዝርዝር ሲቀርብ ነው። ባል በግዳጅ ላይ ነው። ሚስት መኪናዋን ለሰርቪስ ይዛ ትሄዳለች። ባለሙያው ኮፋኖውን ከፍቶ «ይህ ይቀየር፣ ያ ይታጠብ፣ ይህኛውም ይጨመርበት» እያለ ሲደረድር ምን ትመልስ? እምቢ ብትል መኪናዋ መንገድ ላይ እንዳትቆምባት ትሰጋለች፤ እሺ ብትል የወሩ አስቤዛ ይጎድላል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከዚህ ችግር አላመለጠም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ጋራዥ «ሙሉ ሰርቪስ» ብሎ ከፈለ። በደረሰኙ ላይ የሞተር ውስጥ ማጠቢያ ኬሚካል፣ በዘይት ላይ የሚጨመር ማጠንከሪያ፣ አራት አዲስ ካንዴላዎችና የሞተር እጥበት ተዘርዝረው ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ቤተሰቡን ጭኖ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ፣ ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ የፍሬኑ ፔዳል እንደ ስፖንጅ ለስልሶ እስከ ወለሉ ወረደ። ማርሹን ወደ ሁለተኛ፣ ከዚያም ወደ አንደኛ አውርዶ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ እየሳበ መኪናዋን በመንገዱ ዳር አቆማት። ልጆቹ ከኋላ ተኝተው ስለ ነበር አንዳች አላወቁም። ባለቤቱ ግን እስከ ደብረ ሲና ድረስ ቃል አልተነፈሰችም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ መኪናዋ ስትቀዘቅዝ፣ ፔዳሉ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ጠንክሮ ተገኘ። ኋላ ሲመረመር የፍሬኑ ዘይት እንደ ቡና ጠቁሮ ነበር። መኪናዋ ከተገዛች ጀምሮ ዘይቱን የቀየረው አልነበረም፤ ጋራዡም አልጠየቀም፤ ባለቤቱም አላስታወሰ።

የዚህ ምክንያቱ እንዲህ ነው። የፍሬን ዘይት እርጥበትን ከአየር ይስባል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ በደረጃው ተወስኗል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 155 ብቻ ነው። ዶት 3 ደግሞ ከ205 ወደ 140 ይወርዳል። በረዥም ቁልቁለት ሸራው ሲግል በዘይቱ ውስጥ ያለው ውኃ ወደ እንፋሎት ይለወጣል። እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይታመቃል እንጂ ግፊትን አያስተላልፍምና እግር ይረግጣል፣ ጎማው ግን አይያዝም። ስለዚህ የፍሬንን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ማስቀየር፣ ሸራውንም ጎማ አስወልቆ በዓይን ማየት ያለ ክርክር ሊከፈልበት የሚገባ አገልግሎት ነው። ዓባይ በረሃን ወይም ጣርማበርን የሚመላለስ ቤተሰብ ከሁሉ አስቀድሞ ገንዘቡን እዚህ ላይ ያውል።

ሁለተኛው የሞተር ዘይትና ፊልትሮው ነው። በብዙ መኪናዎች መመሪያ መጽሐፍ ላይ «በየ10,000 ኪሎ ሜትር» የሚል ተጽፎ ይገኛል። ይሁን እንጂ ያው መጽሐፍ አቧራ በበዛበት ስፍራ ለሚነዱ፣ አጫጭር ጉዞ ለሚያዘወትሩና ከባድ ጭነት ለሚጭኑ በግማሽ ያህል እንዲያጥር ያዝዛል። ከጦር ሰፈር እስከ ገበያ፣ ከገበያ እስከ ትምህርት ቤት የምትመላለሰው መኪና ከዚህኛው ወገን ስለሆነች 5,000 ኪሎ ሜትር ትክክለኛ ልኳ ነው። ጥቂት የምትነዳ ከሆነችም ዘይቱ ዓመት ሊያልፈው አይገባም። ፊልትሮውን ሳይቀይሩ ዘይቱን ብቻ መቀየር ግን ገላን ታጥቦ የቆሸሸውን ልብስ መልሶ እንደ መልበስ ነው። የዘይቱ ጣሳ በዓይናችሁ ፊት ይከፈት፤ ባዶውንም ጣሳ ብሱና ጣሉት፤ ያለዚያ ሌላ ዘይት ተሞልቶ እንደ አዲስ ሊሸጥ ይችላል።

ስለ ቺንጊያ ብዙ ውዝግብ ይሰማል። የሞተሩን ቫልቮች ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው ታይሚንግ ቺንጊያ በተወሰነ ኪሎ ሜትር፣ በብዙ መኪናዎች በ100,000 ገደማ፣ መቀየር አለበት። ገንዘቡ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ቺንጊያው ሲበጠስ በአንዳንድ ሞተሮች ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉና ሞተሩ እንዳለ ይከፈታል። ሆኖም ሁሉም መኪና ይህ ቺንጊያ የለውም። ለምሳሌ በአሮጌዎቹ ኮሮላዎች ላይ የሚገኘው 2ኢ የተባለው ሞተር ቺንጊያ ሲኖረው፣ በቪትዝ ላይ የሚገኙት 1ኤስዜድና 1ኤንዜድ የተባሉት ሞተሮች ግን የሚሠሩት በብረት ሰንሰለት ነው። የቪትዝን ታይሚንግ ቺንጊያ እንቀይር የሚል ባለሙያ ቢያጋጥማችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ብትሄዱ ይሻላል። የዲናሞው ቺንጊያ የተለየ ነው፤ እሱ ርካሽ ስለሆነ ተሰነጣጥቆ ሲታይ ይቀየራል።

ውኃን በተመለከተ በደጋ የምንኖር ሰዎች ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ። አዲስ አበባን በሚያህል ከፍታ ላይ ውኃ በክፍት ድስት የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊትን አፍኖ በመያዝ መፍላቱን ያዘገያል። ጎማው የላላ ክዳን ይህን ማድረግ ስለማይችል ውኃው ፈልቶ ይወጣል፤ ሞተሩ ይግላል፤ ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፤ ቴስታታም ይጣመማል። እንግዲህ በጥቂት ብር የሚገዛ ክዳን ሞተር ከማስከፈት ያድናል። የቧንቧ ውኃ ብቻ መሙላትም ውስጡን ያዝገዋልና ለዝገት መከላከያው ፈሳሽ መክፈል ተገቢ ነው። ትኩስ ራዲያተር ግን ከቶ አይከፈት።

ከዚህ በኋላ እምቢ ሊባልባቸው የሚችሉትን እንመልከት። በየሰርቪሱ የሚቀርበው የሞተር ማጠቢያ ኬሚካል፣ ዘይቱ በጊዜው ለሚቀየርላት መኪና አያስፈልግም። ማጠንከሪያ የሚባለው ተጨማሪም እንዲሁ ነው፤ ደረጃውን የጠበቀ ዘይት የሚያስፈልገውን ቅመም አስቀድሞ ይዟል። ጎማን በናይትሮጅን ማስሞላት ደግሞ ፈገግ ያሰኛል፤ በነፃ የምንተነፍሰው አየር 78 ከመቶው ናይትሮጅን ነውና። ሞተርን ኃይል ባለው ውኃ ማሳጠብ ያምራል፤ ነገር ግን ውኃው ወደ ኤሌክትሪኩ ሽቦ መገናኛ ገብቶ ያልነበረ ሕመም ያመጣል። ተራ ካንዴላ ከ20,000 እስከ 40,000 ኪሎ ሜትር፣ ኢሪዲየም የተባለው ደግሞ እስከ 100,000 ያህል ይሠራል፤ ስለዚህ በየዘይት ቅያሬው ካንዴላ የሚቀይር ሰው ብሩን በከንቱ ይጥላል። የጎማ አላይንመንት መኪናዋ ወደ አንድ ወገን ስትስብ፣ ጎማው በአንድ ጎን ሲበላ ወይም ጎማ አዲስ ሲገባ ይከፈልበታል እንጂ የወር ልማድ አይደለም።

በሠራዊቱ ውስጥ ሹፌር ተሽከርካሪውን ከማንቀሳቀሱ በፊት ዘይቱን፣ ውኃውንና ጎማውን ያያል። ይህን ልማድ ወደ ቤት ማምጣት ምንም አያስከፍልም፤ ወይዘሮዎችም በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚለምዱት ነው። የጎማው የአየር ልክ አብዛኛውን ጊዜ በሹፌሩ በር መቃን ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተጽፏል። በባትሪው ራስ ላይ ነጭ ዱቄት ቢታይ ገመዱን ፈትቶ ሙቅ ውኃና ሶዳ ይበቃዋል። የአየር ማጣሪያውን አውጥቶ ማራገፍ ለበጋ አቧራ መፍትሔ ነው፤ ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ ብቻ ይቀየር። ከሁሉም ይልቅ አንድ ደብተር ይዘጋጅ፤ ምን እንደ ተቀየረ፣ በስንት ኪሎ ሜትርና በየትኛው ቀን እንደ ሆነ ይጻፍበት። ደብተር ይዛ የምትመጣ ደንበኛን ጋራዥ በቀላሉ አያታልላትም። የተቀየረውንም አሮጌ ዕቃ «አሳየኝ» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ጎማን በተመለከተ፣ ጥርሱ ሙሉ ስለሆነ ብቻ አዲስ ነው አይባልም። በጎኑ ላይ አራት አኃዝ ተቀርጾ ይገኛል፤ 2319 ቢል በአውሮፓ አቆጣጠር በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። አሥር ዓመት ያለፈውን ጎማ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ለሩቅ ጉዞ አትመኑት። «አዲስ» ተብሎ ለሚሸጥላችሁም ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት ይህን አኃዝ አንብቡ።

ባለቤትዋ ለወራት ወደ ግዳጅ ሲሄድ መኪናዋ የምትቆም ከሆነ፣ ከመሄዱ በፊት ዘይቱ ይቀየር፤ የቆሸሸ ዘይት ቆሞ ሲሰነብት ብረትን ይበላል። የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ይፈታ። ጎማው በአየር በደንብ ይሞላ፤ በየወሩም አንድ ክንድ ያህል ወደ ፊት ትገፋ፤ ይህም ጎማው በአንድ ወገን እንዳይጠፍጥፍ ነው። የእጅ ፍሬኑ አይሳብ፤ ሸራው ከከበሮው ጋር ተጣብቆ ይይዛል። ማርሽ አስገብቶ በፊትና በኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ ማድረግ ይበቃል። ድንጋዩንም ያደረገው ሰው ለባለቤቱ ይንገራት፤ ሳታየው አስነስታ እንዳትነዳ።