«ጋሼ፣ ፍየሏ ደሴ ገባች!»

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ አንደኛ ደረጃ እያላችሁ «ድርሰት ጻፉ» ስትባሉ ምን ትጽፉ ነበር? «ላም የቤት እንስሳ ናት። ላም አራት እግር አላት…» አይደል? እኔም እሱኑ ነበር! እውነቱን ለመናገር አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስጨርስም ከዚያች ላም ብዙ አልራቅሁም።

በ2015 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን ከወልዲያ ሚኒባስ ተሳፍሬ መርሳ ሄድኩ። ለማታውቋት፣ መርሳ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከወልዲያ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በደሴ መንገድ። አንዲት ዘመዴ እዚያ አለች። የሦስተኛ ክፍል ልጇን «እንደው እስካለህ አስጠናልኝ» አለችኝ። እሺ ብዬ ልጅቷን «የፈለግሽውን ታሪክ ጻፊ» አልኳት። እርሳሷን እየነከሰች ሩብ ሰዓት ቆየችና ምን ብትጽፍ ጥሩ ነው? «ላም የቤት እንስሳ ናት።» ወይ ጉድ! ላሚቱ እስከ ዛሬ አልሞተችም ማለት ነው!

እኔም ጎበዝ አስተማሪ ልባል ብዬ ቀይ እስክርቢቶ መዘዝኩ። ይሄ ፊደል ተገድፏል፣ አራት ነጥቡ የት ሄደ፣ ጽሕፈትሽ ይንጋደዳል… ደብተሯን ደም አስመሰልኩት። ልጅቷ ደብተሯን ዘግታ ወጣች። ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ቢፈረድብኝ ይገባኛል።

በሦስተኛው ማታ መብራት ጠፋ። በጨለማው ውስጥ ለታናሽ ወንድሟ ስታወራ ሰማኋት። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ወደ አካባቢው ሲደርስ ቤተሰቡ በእግሩ ወደ ደሴ ሸሽቶ ነበር፤ ፍየላቸው እንደታሰረች ቀረች። በልጅቷ ወሬ ውስጥ ግን ፍየሏ አልቀረችም። ገመዷን አኝካ በጠሰችና ዱካቸውን እያሸተተች ተከተለቻቸው። ውጫሌን አለፈች፣ ሐይቅ ስትደርስ ከሐይቁ ውሃ ጠጣች… እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ይህቺ ናት መጻፍ የማትችለው?

ጠዋት ለመንኳት። አንቺ አውሪ፣ እኔ እጽፋለሁ ተባባልን። ቃሏን አንድም ሳልነካ ጻፍኩና አነበብኩላት። «እንዲህ አላልኩም!» ብላ እርሳሱን ነጠቀችኝ። የቀረውን ራሷ ጻፈችው፤ ሁለት ገጽ ሙሉ!

እናንተም ቤት ታናሽ ካለ ሞክሩት። መጀመሪያ ያውራ፤ እናንተ ጸሐፊ ሁኑ። ሲቆምባችሁ «ከዚያስ?» በሉት እንጂ መጨረሻውን አትንገሩት። የአያቱን ተረት አስነግሩና «ጅቡ ባይሞኝ ኖሮስ?» ብላችሁ ጠይቁት። ስሕተቱን በማግስቱ አንድ በአንድ ታርሙለታላችሁ፤ ዛሬ አራት ነጥብ፣ ሌላ ቀን ፊደል። ፊደል ያልጠናለትም ቢሆን ግድ የለም፤ ከራሱ አፍ የወጣውን ማንበብ ይቀለዋል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር።

በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ተረት ነግረውናል፤ ነፍሳቸውን ይማር። እኛ ግን ሰምተን ስናበቃ «እስቲ ያንተንስ?» ያለን ሰው እምብዛም አልነበረም።

ልመለስላችሁ። ማታ ልጅቷ ለእናቷ አነበበችላት። የመጨረሻው ላይ ስትደርስ ወደ እኔ ዞራ፣ «ጋሼ፣ ፍየሏ ደሴ ገባች!» አለች። እናት ዝም አለች። ስለዚያች ፍየል ልጇን አንድም ቀን ጠይቃት አታውቅም። ቆይታ፣ ቆይታ፣

«ታዲያ በመንገድ ወተቷን ማን አለባት?» አለች።

«እሱን ገና አልጻፍኩትም» አለችና ልጅቷ እርሳሷን ልትቀርጽ ተነሳች።