ዓመታት የቆመ የስፖርት መኪና፤ ካፒታል ነው ወይስ ብረት?

መኪና ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1900 ዓ.ም ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ተቆጥሯል። በሌላው ዓለም መኪና ከፋብሪካ በወጣ ማግስት ዋጋው መውረድ ይጀምራል። በእኛ ገበያ ግን አሮጌ መኪና ዋጋውን ይዞ መቆየቱ፣ አልፎ አልፎም በተገዛበት ላይ ጨምሮ መሸጡ ለነጋዴውም ሆነ ለደላላው አዲስ ነገር አይደለም። ዛሬ የምናነሳው ግን ከዚህ ለየት ያለውን ነው። እሱም በንጉሡ ዘመን ከአውሮፓ መጥቶ፣ ባለቤቱ በሞት ወይም በስደት ተለይቶት፣ ለዓመታት በግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ የቆመ የስፖርት መኪና ነው። ይህን ገዝቶና አድሶ መሸጥ ያዋጣል?

መልሱን የሚወስነው ሞተሩ አይደለም። ብዙ ገዢ ኮፈኑን ከፍቶ “ይነሳል ወይ?” ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው በቅደም ተከተል ሦስተኛ ወይም አራተኛ ሊሆን ይገባው ነበር። ከእሱ በፊት ወረቀቱ፣ ላሜራውና መለዋወጫው ይመጣሉ።

በሩ ሲዘጋ

በቅድሚያ ገበያውን እንይ። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከወጣ ጀምሮ ያገለገለ መኪና ወደ አገር ማስገባት በዕድሜው ልክ ይቀጣል። መኪናው ባረጀ ቁጥር ታክሱ ይከብዳል። ከ7 ዓመት በላይ ያገለገለ ሲሆን ደግሞ ታክሱ የመኪናውን ዋጋ በእጥፍ ድርብ ይበልጣል። በጥር 2016 ዓ.ም መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ።

የውጭው ዓለም አሠራር የዚህ ተቃራኒ ነው። በጀርመን 30 ዓመት የሞላውና በይዞታው የተመሰገነ መኪና ልዩ ሰሌዳ ተሰጥቶት የተወሰነ ዓመታዊ ግብር ብቻ ይከፍላል። በአሜሪካ 25 ዓመት ያለፈው መኪና ከብዙ የማስገቢያ ደንቦች ነፃ ነው። በእነሱ ዘንድ ዕድሜ ሸክም ያቀላል፤ በእኛ ዘንድ ሸክም ይጨምራል።

ለነጋዴ ትርጉሙ ግልጽ ነው። ከእንግዲህ አሮጌ የስፖርት መኪና የሚገኘው ቀድሞ ከገባው ብቻ ነው። ቁጥሩ ሊቀንስ እንጂ ሊጨምር አይችልም። ይህ ማለት ግን የቆመ መኪና ሁሉ ወርቅ ነው ማለት አይደለም። ጥቂት መሆን ዋጋ የሚያወጣው ፈላጊ ሲኖር ነው። በአገራችን ደግሞ እንዲህ ያለውን መኪና የሚፈልገው ገዢ በጣት የሚቆጠር በመሆኑ፣ ዛሬ ተገዝቶ ነገ የሚሸጥ ዕቃ አለመሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

መጀመሪያ ወረቀቱ

ባለቤቱ የሞተበት ወይም ከአገር የወጣበት መኪና ሲገዛ ትልቁ አደጋ ዝገት ሳይሆን ሊብሬ ነው። ሊብሬው በሟች ስም ከሆነ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት መውጣት አለበት። ወራሾቹ ብዙ ከሆኑ ሁሉም ካልፈረሙ ወይም ውክልና ካልሰጡ ሽያጩ ነገ ክስ ይወልዳል። መኪናው ቀድሞ ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ፣ ማለትም በኤምባሲ ወይም በድርጅት ስም ከነበረ፣ ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዞርም።

ቀጥሎ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያመሳክሩ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ውስጥ ሞተሩ ተለውጦ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ካልገጠመ ዓመታዊ ምርመራውን አልፎ ቦሎ ማግኘት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንደሌለበትም በመዝገቡ ይጣራል። ይህ ሳያልቅ ቀብድ መክፈል ንግድ ሳይሆን ዕጣ ማውጣት ነው።

ሌላው ከወረቀት ጋር የተያያዘው ጉዳይ ዝና ነው። ደላላ “የመስፍን እገሌ መኪና ነበር” ማለት ይወዳል። እርግጥ ታሪክ ዋጋ ያወጣል። አፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ከዙፋን ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ያን ቀን የሚያስታውስ ሰው ቮልስን እንደ ተራ መኪና አያያትም። ዋጋ የሚጨምረው ግን በማስረጃ የተደገፈ ታሪክ ነው። የድሮው ሊብሬ፣ የግዢ ደረሰኝ፣ መኪናውና ባለቤቱ አብረው የተነሱት ፎቶግራፍ ከተገኙ ከመኪናው እኩል በጥንቃቄ ይቀመጡ። ያለ ማስረጃ የሚወራ ዝና ሻጩን እንጂ ገዢውን አይጠቅምም። በእርግጥም ታሪካዊ የሆነ መኪና ከሆነ ደግሞ ወደ ውጭ ለመሸጥ ከማሰብ በፊት የቅርስ ጥበቃን አዋጅ ቁጥር 209/1992 ማየትና የቅርስ ባለሥልጣንን መጠየቅ ያስፈልጋል።

የት ቆሞ ነበር?

ሁለተኛው ጥያቄ ስንት ዓመት ቆመ ሳይሆን የት ቆመ የሚለው ነው። የባሕር ጠረፍ ጨዋማ አየር ላሜራን ከውስጥ ይበላል። የቆላ ፀሐይ ጎሚኒውንና የወንበሩን ቆዳ ያደርቃል፤ ላሜራውን ግን ብዙም አይነካም። መካነ ሰላምን በመሰለ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ባለ የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ደግሞ ነገሩ ከሁለት ይከፈላል። በቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ወለሉ በተለሰነ ቦታ የቆመ መኪና ዓመታትን ችሎ ሊገኝ ይችላል። በሜዳ፣ በሣር ላይ፣ ሸራ ለብሶ ክረምት ያሳለፈ ግን ከላይ ቢያምርም ከታች ያለቀ ነው። ሸራው ዝናቡን ቢከለክልም ከመሬት የሚነሳውን እርጥበት አፍኖ ይይዛል።

ስለዚህ መኪናውን ከላይ ሳይሆን ተንበርክከው ከታች ይመልከቱ። የወለሉን ላሜራ፣ የበሮቹን ሥር፣ የባትሪውን ማስቀመጫ በጣት ይጫኑ። ኪስዎ ውስጥ ትንሽ ማግኔት ይኑር። ማግኔቱ በቀለሙ ላይ ካልያዘ ሥሩ ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነው።

መኪናው ተገዝቶ ወደ ጋራዥ ሲሄድ ተጭኖ እንጂ ተጎትቶ አይሁን። ከመካነ ሰላም በአቀስታ በኩል ደሴ፣ ከደሴም ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ፣ ለዓመታት ያልተነካ ፍሬን በዚያ ቁልቁለት ምን ሊያደርግ እንደሚችል ይገባዋል። የጭነት ኪራይ የሚቆጥብ ሰው መኪናውንና ሰውን አብሮ ሊያጣ ይችላል።

ቅርጹ የስፖርት፣ አንጀቱ የቮልስ

የትኛውን መኪና ማደስ ያዋጣል ለሚለው ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ካርማን ጊያ ነው። ይህ መኪና እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1974 ድረስ ከ440 ሺህ በላይ ተመርቷል። ቅርጹን ያወጣው የቶሪኖው ጊያ ሲሆን አካሉን የሠራው በኦስናብሩክ ከተማ የነበረው ካርማን ነው። ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ወለሉ ግን የቮልስዋገን ናቸው።

በዚህ ምክንያት የሞተሩ ጉዳይ ብዙ አያሳስብም። የቮልስን ሞተር ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታ መካኒክ በአዲስ አበባ ዛሬም አለ። ቮልስ በዓለም ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ ምርቷ በሜክሲኮ የቆመው እ.ኤ.አ. በ2003 በመሆኑ መለዋወጫዋ አልጠፋም። ጥቂቱ በሶማሌ ተራ ይገኛል፤ ቀሪው ከውጭ በሰው ሻንጣ ይመጣል።

ችግሩ ላሜራው ላይ ነው። የቮልስ ፓራፋንጎ በብሎን የታሰረ ስለሆነ ሲጎዳ ተፈትቶ ሌላ ይገጠማል። የካርማን ጊያ ፓራፋንጎና አፍንጫ ግን ከአካሉ ጋር የተበየደ ነው። አንድ ጊዜ ፊቱን የተመታ ካርማን ጊያ ተቆርጦ፣ ተቀጥቅጦና እንደገና ተበይዶ ካልሆነ ወደ ቅርጹ አይመለስም። ስለዚህ ሞተሩ የማይሠራ ነገር ግን ላሜራው ጤነኛ የሆነው፣ ሞተሩ ከሚሠራው ላሜራው ከበሰበሰው ይበልጣል። ሞተር ይገዛል፤ ላሜራ ግን በእጅ ይሠራል።

በሌሎቹም ላይ ሕጉ ያው ነው። የስፖርት መኪናው ሞተርና ካምቢዮ በብዛት ከተመረተ ወንድሙ ጋር አንድ ከሆነ ሥራው ያልቃል። ሁሉ ነገሩ የብቻው የሆነ መኪና ግን አንዲት የፊት መስታወት ስትጠፋ ዓመት ሊያቆም ይችላል። ከመግዛትዎ በፊት የጎደለውን ዕቃ በዝርዝር ይጻፉ። በተለይ መስታወት፣ መብራትና የጌጥ ኒኬል ከጎደሉ ዋጋው ላይ ይከራከሩ።

ለማስነሳት አይቸኩሉ

ሻጭና ገዢ በተገናኙበት ባትሪ አምጥቶ ሞተሩን ለማስነሳት መሞከር የተለመደ ነው። ጎጂም ነው። ለዓመታት ያልዞረ ሞተር ውስጥ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። በግድ ሲዞር በቀላል ወጪ የሚድነው ሞተር ይሰበራል።

ትክክለኛው አካሄድ ቀላል ነው። ካንዴላዎቹ ይፈታሉ፤ በቀዳዳቸው ቀጭን ዘይት ይፈስስና ለቀናት ይተዋል። ከዚያ ሞተሩ በእጅ በቀስታ ይዞራል። አሮጌው ዘይትና ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ይደፋል። ለዓመታት የቆየ ቤንዚን ወደ ሙጫነት ስለሚለወጥ ማጠራቀሚያው ይታጠባል፣ ካርቡራቶሩ ይፈታል፣ የቤንዚን ጎማዎቹ ይለወጣሉ። በአየር በሚቀዘቅዝ እንደ ቮልስ ባለ ሞተር የማራገቢያው ሽፋን ተከፍቶ የአይጥ ጎጆ መኖር አለመኖሩ ይታያል፤ ያ ጎጆ ሞተሩን በደቂቃዎች ውስጥ ያቃጥላል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውሃ ስለሚስብ የፍሬኑ ሲሊንደሮችና ጎማዎች በአዲስ ይተካሉ። ጎማውም ጥርሱ ሙሉ ቢሆን እንኳ አርጅቶ ደርቋልና ይለወጣል።

አንድ ነገር እንጨምር። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ለአውሮፓ ቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላ ያጠቁራል። ጥቁር ጭስ ያየ ሁሉ “ሞተሩ ዘይት በልቷል” ብሎ እንዳያስፈታዎት ይጠንቀቁ። ዘይት የሚበላ ሞተር ጭሱ ሰማያዊ ነው።

ሒሳቡ

ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ መኪናው የተገዛበትን ዋጋ 100 እንበል። ላሜራና ቀለም 150፣ መለዋወጫ 80፣ የመካኒክ ዋጋ 50፣ ወንበርና ኤሌክትሪክ 40፣ ጭነትና ወረቀት 20 ቢሆን ድምሩ 440 ይመጣል። የመኪናው መግዣ ከአጠቃላዩ አንድ አራተኛ አልሞላም። “በርካሽ አገኘሁ” የሚለው ደስታ እዚህ ላይ ይሟሟል።

መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ መሆኑ አይዘንጋ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በምሳሌያችን ውስጥ 80 ያልነው 160 ሲሆን ድምሩ 520 ይደርሳል። ሥራ ከጀመሩ በኋላ እንዲህ ያለ ለውጥ የመጣባቸው ሰዎች ግማሹ የተፈታ መኪና ይዘው ቀሩ። የተፈታ መኪና ደግሞ ሳይፈታ ከነበረው ያነሰ ዋጋ ያወጣል። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ መጀመሪያ ተሟልቶ፣ ከዚያ ቁልፍ ይነሳ። ከጠቅላላው ወጪም ቢያንስ አንድ አምስተኛ ለመጠባበቂያ ይያዝ።

አለመንካትም ንግድ ነው

በጥር 2007 ዓ.ም መጨረሻ በፓሪስ ለጨረታ የቀረበው የባዮን ስብስብ ለዚህ ትምህርት ይሰጣል። በምዕራብ ፈረንሳይ በአንድ የገጠር ይዞታ ለዓመታት ተረስተው ከቆሙት መኪኖች መካከል አንዱ ፌራሪ 250 ጂቲ ካሊፎርኒያ ነበር። መኪናው አልታደሰም፤ ከነአቧራው ቀርቦ ከ16 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተሸጠ። ገዢው የከፈለው ማንም ያልነካው በመሆኑ ነው።

በእኛ አገር ፌራሪ ይገኛል ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ሐሳቡ ይሠራል። የፋብሪካ ቀለሙ፣ የመጀመሪያ ወንበሩና ሞተሩ በቦታቸው ያሉበትን መኪና በርካሽ ቀለም መቀባት ዋጋውን ማጥፋት ነው። እንዲህ ያለውን አጥቦ፣ ፍሬኑንና የቤንዚን መስመሩን አስተካክሎ፣ በደረቅ ቦታ ማቆየት ብዙ ጊዜ ይበልጣል። በአንጻሩ አንድ ጊዜ ተቀብቶ፣ ተቆርጦና ተለዋውጦ ያለቀው መኪና ቢታደስ የሚጠፋ ነገር የለውም።

በአጠቃላይ የቆመ የስፖርት መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰው አራት ነገሮችን በዚህ ቅደም ተከተል ይይ፦ ወረቀቱ ንጹሕ ነው? ላሜራው ጤነኛ ነው? መለዋወጫው ይገኛል? ሞተሩ ይድናል? ከመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አንዱ እንኳ መልስ ካጣ፣ ሞተሩ ቢዘምርም ሻጩን አመስግኖ መመለስ ነው። ሦስቱ ከተሟሉ ግን ጸጥ ያለ ሞተር አያስፈራ፤ ዋጋ ለመቀነስ ከዚያ የተሻለ ምክንያት አይገኝም።