ልጁ ዝም ያለው በየትኛው ቋንቋ ነው?

«ማስተርስ የምትማሪው ምንድን ነው? አሁንም አልጨረሽም እንዴ?» እያላችሁ የምትጠይቁኝ ብዙ ናችሁ። ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልመልስላችሁ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ትንንሽ ልጆች ወይም በዕድሜ የገፉ ወላጆች ያሏችሁ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ባለሙያ ነኝ፤ እዚህ እስራኤል «ክሊናኢት ቲክሾሬት» ይባላል። ሀደራ ውስጥ ጊቭዓት ኦልጋም ሆነ ቤት ኤሊዔዘር የምትኖር እናት ስሙን ሰምታዋለች፤ ብዙውን ጊዜ የምትሰማው ከመዋዕለ ሕፃናት መምህሯ፣ ከጋኔኔቷ ነው። «ልጅሽ አያወራም፤ ክሊናኢት ትየው» ትባላለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለም። ሥራችን ኮልታፋ ልጅን ማስተካከል ብቻ የሚመስላቸው አሉ። እሱም አለበት፤ ነገር ግን ያለ ጊዜው ተወልዶ ጡት መሳብ ያቃተው ሕፃን፣ የሚንተባተብ ወጣት፣ ድምፁ የሰለለ መምህር፣ ስትሮክ መትቶት ቃል የጠፋበት አባት፣ ውኃ በጠጣ ቁጥር ትን የሚለው አዛውንት፣ ሁሉም ወደ እኛ ይመጣሉ።

በእስራኤል ወደ ሙያው የሚገባው በመጀመሪያ ዲግሪ ነው። ቴል አቪቭና ሃይፋ ዩኒቨርሲቲ፣ ኢየሩሳሌም ያለው የሃዳሳ ኮሌጅ፣ ኦኖ ኮሌጅም ያስተምራሉ። ባግሩት (የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ) እና ፕሲኮሜትሪ (የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና) ይጠየቃል፤ ፉክክሩ ከባድ ነው። የአንጎልና የጉሮሮ አካላት፣ የድምፅ አፈጣጠር፣ የልጅ እድገት፣ የመስማት ምርመራ ይማራሉ። ጎን ለጎን በሆስፒታል፣ በትምህርት ቤትና በኩፓት ሖሊም (የጤና መድን ድርጅት) በባለሙያ ክትትል ልምምድ አለ። በመጨረሻ የጤና ሚኒስቴር ፈተና ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የጤና ሙያዎች ሕግ ሙያውን በፈቃድ ብቻ የሚሠራ አድርጎታል። አሜሪካ ያላችሁ እህትና ወንድሞቼ ግን የእናንተ ይለያል፤ እዚያ ማስተርስ መግቢያው ነው። የአሻን (የአሜሪካ የንግግር፣ የቋንቋና የመስማት ማኅበር) ማረጋገጫ ለማግኘት 400 ሰዓት የክሊኒክ ልምምድ፣ የፕራክሲስ ፈተና፣ ከዚያም ቢያንስ 36 ሳምንት በባለሙያ ሥር መሥራት ያስፈልጋል።

ታዲያ ፈቃዱ ካለኝ ከሀደራ ሃይፋ በባቡር እየተመላለስኩ ማስተርስ የምማረው ለምንድን ነው? በመጀመሪያ ዲግሪ የተማርኳቸው መመዘኛዎች በአብዛኛው ዕብራይስጥ ብቻ እየሰማ ላደገ ልጅ የተዘጋጁ ስለሆኑ ነው። ቤቱ አማርኛ ወይም ትግርኛ የሚነገርበት ልጅ በዚያ ሲለካ ግማሹ ብቻ ነው የሚታየው። በግማሹ የተሰጠ ውጤት ደግሞ ልጁን ወደ ልዩ ትምህርት ሊወስደው ይችላል። በሌላ በኩል እውነተኛ ችግር ያለበት ልጅ «ቋንቋ እየለመደ ነው፣ ይደርሳል» ተብሎ ዓመታት ሊያልፉበት ይችላሉ። ሁለቱም ያመኛል።

ዋናው ጥያቄ አንድ ነው፤ ልጁ ዕብራይስጥ ገና በበቂ አልሰማም ወይስ የቋንቋ እክል አለበት? እክሉ እውነተኛ ከሆነ በሁለቱም ቋንቋ ይታያል። በዕብራይስጥ ብቻ ወደኋላ የቀረ ልጅ የሚያስፈልገው ዕብራይስጥና ጊዜ ነው። በዚህ ላይ ብዙ ከሠሩት መካከል የባር ኢላን ዩኒቨርሲቲዎቹ ሻሮን አርሞን ሎተምና ጆኤል ዋልተርስ ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2013 በተካሄደው የአውሮፓ የምርምር ትብብር ውስጥ ከተሠሩት መሣሪያዎች አንዱ ሜይን የሚባለው የተረት መመዘኛ ነው። እያንዳንዱ ተረት ስድስት ሥዕሎች አሉት፤ ልጁ ሥዕሎቹን እያየ ይተርካል። አንደኛው ተረት የፍየል ነው፤ ግልገል ውኃ ውስጥ ገብቷል፣ እናት አለች፣ ቀበሮ አድብቷል፣ ወፍ አለ።

ከጎንደር ከመጡ ብዙ ካልቆዩ ልጆች ጋር ስሠራ ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። ልጁ በዕብራይስጥ «ኤዝ... ማይም...» ይልና ይቆማል። ፍየል፣ ውኃ፤ አለቀ። በሌላ ቀን በአማርኛ ስጠይቀው ግን እናትየዋ ግልገሏን ስታይ እንደደነገጠች፣ ልታወጣው እንደገባች፣ እሷ ስትደክም ቀበሮው ሌላኛውን ሊይዝ እንደመጣ በቅደም ተከተል ይነግረኛል። እኛ የምንቆጥረው ይህንን ነው፤ ማን ምን ፈለገ፣ ምን ሞከረ፣ ምን ሆነ፣ ምን ተሰማው። ይህ ልጅ ቋንቋ አለው። በሁለቱም ቋንቋ ፍየልና ውኃ ብቻ የሚለኝ ልጅ ሲመጣ ግን ሳልዘገይ ሕክምና እንዲጀምር እላለሁ።

ድምፅም እንደዚሁ ነው። የእኛ «ር» ከምላስ ጫፍ ይወጣል፤ የዛሬው ዕብራይስጥ ግን ከጉሮሮ ያወጣዋል። ልጃችን በአማርኛው ቢጠራው እክል አይደለም። በአንጻሩ ልጁ «ጥ»ን «ት»፣ «ቅ»ን «ክ» እያለ ቢያወራ ዕብራይስጥ ብቻ የምታውቅ ክሊናኢት ልዩነቱ አይሰማትም፤ በዛሬው ዕብራይስጥ እነዚህ ድምፆች አይለዩምና። የጨዋነታችንም ነገር አለ። ታላቅ ሰው ፊት መቆጠብን የተማረ ልጅ፣ የማታውቀው ሴት ኳስ አንሥታ «ይሄ ምንድን ነው?» ስትለው ዝም ይላል። እሷ እንደምታውቀው ያውቃል፤ ለምን እንደምትጠይቀው ግን አይገባውም። እኔ በእንቆቅልሽ ብጀምር ይሻለኛል፤ «ምን አውቅልህ» የሚለው ልጅ መልስ መስጠት የጨዋታው ሕግ መሆኑን ያውቀዋል።

ስለ አዛውንቶቻችን ልጨምር፤ ይህ የበለጠ የተረሳ ስለሆነ። በስትሮክ የግራ አንጎል ሲጎዳ አፌዝያ፣ ማለትም የቋንቋ መጥፋት፣ ሊመጣ ይችላል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ እ.ኤ.አ. በ1861 በአንጎል ጉዳት ንግግር የጠፋበት ታካሚ ገልጿል፤ ከሞላ ጎደል የሚወጣለት ድምፅ «ታን» ብቻ ነበር፤ የሚነገረውን ግን ይረዳ ነበር። አፌዝያ የያዘው ሰው አእምሮውን አልሳተም። ቤተሰብ ግን ብዙ ጊዜ «አባባ ጃጁ» ብሎ ይደመድማል።

በምርመራ ጊዜ ደግሞ የልጅ ልጅ ያስተረጉማል። አባባ «ማንኪያ» ለማለት «ማንቆርቆሪያ» ይላሉ፤ ልጁ አያቱን ላለማሳፈር «ማንኪያ አሉ» ይላል። በፍቅር ነው። ለክሊናኢት ግን ትልቁ መረጃ እዚያ የጠፋው ስሕተት ነው። ቃሉ በድምፅ የተቀራረበ ነው? በትርጉም የተዛመደ ነው? ወይስ ከሁለቱም የራቀ? ሕክምናው የሚታቀደው በዚህ ነው። ስለዚህ ወጣቶች፣ እባካችሁ፣ አያታችሁ ያሉትን እንዳሉት ተርጉሙ፤ ካልገባችሁም «አልገባኝም» በሉ። ቢቻል አማርኛ የሚያውቅ ባለሙያ ወይም የሠለጠነ አስተርጓሚ ጠይቁ።

አሁን ደግሞ ወደ ወላጆች ልመለስ። «ቤት ውስጥ በዕብራይስጥ ብቻ አናግሩት» የተባላችሁ ካላችሁ ይህን ምክር አትቀበሉ። ሁለት ቋንቋ መስማት የቋንቋ እክል አያመጣም፤ እክል ያለበትንም ልጅ አያባብስበትም። ልጅ የሚያድገው በተሟላ ንግግር ነው፤ እናቱ በአማርኛ ስትቀልድ፣ ስትቆጣ፣ ስታወጋ በሚሰማው። በተሰባበረ ዕብራይስጥ ብታናግሩት አማርኛውን ሊያጣ፣ ዕብራይስጡንም በደንብ ላያገኝ ይችላል። ልጁ የሚያውቀውን ቃል ስትቆጥሩም የሁለቱን ቋንቋ ደምሩ። ከ18 ወር በኋላ በየትኛውም ቋንቋ ቃል ካልወጣው፣ ሁለት ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል ካላያያዘ፣ ወይም የነበረው ቃል ከጠፋበት አትጠብቁ፤ ቲፓት ሐላቭ (የእናቶችና ሕፃናት ጤና ጣቢያ) ወይም የልጆች ሐኪም ዘንድ ሂዱ። መጀመሪያ መስማቱ ይመርመር።

እዚህ የምትሄዱበት ባለሙያ አለ፤ በኢትዮጵያ ግን ሙያው ገና ወጣት ነው። ብዙው ሸክም የወደቀው በወላጆች ላይ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ይዘው እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት ለዚህ ነው፤ በፊደላችን ላይ የቆመ «አቡጊዳ ፎነቲክስ» የተባለ የንግግር ማስተማሪያም አዘጋጅተዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 አርፈዋል፤ ሥራቸውን በታላቅ አክብሮት ነው የማስበው።

አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላላችሁ፦ ቤት ውስጥ የምትሰሙት አማርኛ እዚህ ሙያ ውስጥ ሀብት ነው፤ አያታችሁ ጋር ተቀምጣችሁ አዳብሩት። ለኢትዮጵያ ተወላጅ ተማሪዎች የትምህርት ክፍያ ድጋፍ ስላለ ከመመዝገባችሁ በፊት ሚንሃል ሃስቱዴንቲምን (የተማሪዎች አስተዳደርን) ጠይቁ።

ለልጃችሁ ቀጠሮ የያዛችሁ ደግሞ ገና ስትገቡ ይህን ተናገሩ፦ ቤት ውስጥ ምን ቋንቋ እንደሚነገር፣ ልጁ ዕብራይስጥ መስማት የጀመረው መቼ እንደሆነ፣ ከእናት፣ ከአባትና ከአያት ጋር በምን እንደሚያወራ። በስልካችሁ ልጁ ቤት ውስጥ ሲጫወትና ሲያወራ ቅረጹና ይዛችሁ ሂዱ። ከዚያም «ልጄ በአማርኛውም ይታይልኝ» በሉ። ውጤቱ ሲሰጣችሁም የትኛው ፈተና በየትኛው ቋንቋ እንደተደረገ በጽሑፍ እንዲሰፍር ጠይቁ።