ያለጊዜያቸው የሚወለዱ የአኳሪየም ዓሣ ጫጩቶች፦ ለመተማ ዮሐንስና አካባቢው አርቢዎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

አብዛኞቹ ዓሣዎች እንቁላል የሚጥሉ ሲሆን፣ ጋፒና ሞሊ የተባሉት የአኳሪየም ዓሣዎች ግን ጫጩቶቻቸውን በሆዳቸው አሳድገው ይወልዳሉ። የጋፒ እርግዝና በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ሳምንታት ይወስዳል።

ያለጊዜያቸው የተወለዱ ጫጩቶች ሆዳቸው ላይ ያልተመጠጠ የአስኳል ከረጢት ይታያል፤ መዋኘት ስለሚያቅታቸውም ከገንዳው ወለል ላይ ይተኛሉ። ለዚህ ከሚያጋልጡት መካከል ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ፣ ክሎሪን ያለው ውኃ፣ በመረብ ማሳደድና ጉዞ ይገኙበታል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ጎንደር ከ1,000 ሜትር በታች ወደምትገኘው መተማ ዮሐንስ የሚጓጓዝ ዓሣ በአንድ ቀን ከወይና ደጋ ወደ ቆላ ሙቀት ይገባል፤ ውኃ በሞቀ ቁጥር ደግሞ በውስጡ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ስለሆነም ሆዷ የገፋ ዓሣ ማጓጓዝ አይመከርም።

እናቲቱ ልትበላቸው ስለምትችል፣ ጫጩቶቹን ተመሳሳይ ሙቀት ወዳለው ጥልቀት የሌለው ንጹሕ ውኃ መለየት ያስፈልጋል። አስኳሉ እስኪያልቅ ምግብ አይሰጣቸውም፤ ከዚያም በደንብ የደቀቀ የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል በጥቂቱ ይሰጣቸዋል። የተረፈው ምግብ ውኃውን ስለሚያበላሽ ወዲያውኑ መወገድ አለበት።

ትርፍ ዓሣዎችን ወደ ጓንግ ወንዝ መልቀቅ ፈጽሞ አይገባም። የደቡብ አሜሪካ ተወላጅ የሆነችው ጋፒ የወንዱን ዘር በሰውነቷ አቆይታ ለወራት ስለምትወልድ፣ አንዲት ሴት ብቻ ብትለቀቅ እንኳ ልትራባ ትችላለች። ጓንግ ሱዳን ሲገባ አትባራ ተብሎ ዓባይን ስለሚቀላቀል ጉዳቱ ድንበር ተሻጋሪ ሊሆን ይችላል። ትርፍ ዓሣ ያላችሁ አርቢዎች ለሌላ አርቢ እንድታስተላልፉ ወይም የወረዳችሁን የእንስሳት ሀብት ባለሙያ እንድታማክሩ እናሳስባለን።